ስለ ዝንጅብል ክብርና ወሰን

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ከተማ፣ ከዚያም ወዲህ እስከ ጋላባት ድረስ፣ ቡናን ያለ ዝንጅብል ማቅረብ እንግዳን እንደ ማሳነስ ይቈጠራል ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ቡናው ከተቈላ በኋላ ከደረቅ ዝንጅብል ጋር ይወቀጣል፤ በጀበና ይፈላል፤ በትንንሽ ፊንጃንም ይቀዳል። የቤጃ ሰዎችማ ዝንጅብሉን እጅግ ስለሚያበዙት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰው የደጋ ሰው የቀረበልኝ ቡና ነው ወይስ የዝንጅብል ውሃ ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በከሰላም ሆነ በአሥመራ ልማዱ የተቀራረበ ነው። በመንገድ ዳር ከሰልና በርጩማ ይዘው ሻይና ቡና የሚሸጡት ሴቶች፣ በሱዳን ሲት አሻይ የሚባሉት፣ ከዕቃቸው መካከል የተወቀጠ ዝንጅብል የያዘው ጣሳ ቢጐድል ሥራቸው እንደ ጐደለ ይቈጥሩታል።

ይሁን እንጂ ይህን ያህል የተከበረው ሥር በገዳሪፍ ሜዳ ላይ አይበቅልም። ከሩቅ ይመጣል፤ ከሩቅ በሚመጣ ነገር ሁሉ እንደሚሆነውም፣ ተቀባዩ አብቃዩን ሳያውቅ፣ አብቃዩም ተቀባዩን ሳያይ ይኖራሉ። በወላይታ ወይም በከምባታ ከማሳው ዝንጅብል የነቀለ ገበሬ፣ ዕቃው በመተማ በር አልፎ በሱዳን ጀበና ውስጥ መግባቱን ላያስብ ይችላል፤ የገዳሪፍ ቡና ጠጪም በ2012 በዚያ ገበሬ ላይ የደረሰውን ጥፋት የሰማ አይመስለኝም። በሁለቱ መካከል ነጋዴው አለ፤ ነጋዴው በሚሄድበት መንገድም ከደጋ ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አለ። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን የአራቱን ሰዎች ጉዳይ ይመለከታል። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። እኛ በዝንጅብል ላይ ሁለት ዓይነት በደል እንፈጽማለን። በመድኃኒትነቱ ከአቅሙ በላይ እንጠይቀዋለን፤ በሰብልነቱ ግን ከሚገባው በታች እንይዘዋለን። ሁለተኛው በደል ገበሬውን ያደኸያል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ሰው እስከ መግደል ይደርሳል።

አስቀድሞ ስለ ስሙና ስለ መንገዱ ጥቂት እንበል። በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ሽሪንጋቬራ ይባል የነበረው ሥር፣ በግሪኮች አፍ ዚንጊቤሪስ፣ በዓረቦች አፍ ዘንጀቢል ተብሎ፣ ወደ እኛ ሲደርስ ዝንጅብል ሆኗል። በቁርኣን በ76ኛው ሱራ በገነት የሚቀርብ መጠጥ መቀመሚያ ሆኖ ስሙ ስለ ተጠራ፣ ለገዳሪፍ ሰው ዝንጅብል ከተራ ሸቀጥነት ያለፈ ክብር አለው። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ጸሓፊ ፕሊኒዮስ ዝንጅብል በዓረብ አገርና በቀይ ባሕር ዳር በሚኖሩ በትሮግሎዲት ሰዎች ምድር ይበቅላል ብሎ ጽፎ ነበር። ተክሉ ግን የእስያ ተወላጅ ነው። ምናልባት ሮማውያን ዕቃውን የሚያገኙት ከቀይ ባሕር ነጋዴዎች እጅ ስለ ነበረ፣ ሻጩን እንደ አብቃይ ቈጥረውት ይሆናል። ይህ ዓይነት ስሕተት ዛሬም አልጠፋም፤ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የገዛበትን ሱቅ እንጂ ዕቃው የበቀለበትን መሬት አይደለም።

መተማም ብትሆን ከጥንት ጀምራ የደጋና የቈላ ዕቃ የሚለዋወጥባት በር ናት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 በዚያ ሲያልፍ ከሐበሻ ደጋ የወረደ ቡና፣ ሰምና ቆዳ የሚሸጥበትን ገበያ አይቶ በመጽሐፉ ገልጾታል። በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁት በዚሁ ስፍራ ነው፤ ገበያው ግን ከጦርነቱም በኋላ ተመልሶ ቆመ። በእኛ ዘመንም ያው በር ሰውንም ዕቃንም በየተራ ሲያሳልፍ አይተናል። በኅዳር 2020 ከትግራይ የሸሹ ብዙ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ተጠለሉ፤ ያው ኡም ራኩባ በ1980ዎቹም የኢትዮጵያ ስደተኞችን ያስጠለለ ስፍራ ነበር። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ስደቱ ተገላብጦ ሱዳናውያን ወደ መተማ ገቡ፤ ገዳሪፍም ከካርቱምና ከገዚራ የተፈናቀሉትን ተቀበለች። እንዲህ ባለ ጊዜ የቅመም ዋጋ መናገር የሚያሳፍር ይመስላል። ነገር ግን ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት በከሰል እሳት አጠገብ ተቀምጣ ቡና ሸጣ ልጆቿን የምታበላ ከሆነ፣ በዚያች ጣሳ ውስጥ ያለው ዝንጅብል ለእርሷ ጥቃቅን ነገር አይደለም።

ዝንጅብል በገዳሪፍ የማይበቅልበት ምክንያት ከምድሪቱ ጠባይ የተነሣ ነው። ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ትባል የነበረችው ይህች ከተማ የእህልና የሰሊጥ ገበያ ናት። በ1944 ገደማ በገደምበሊያ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ ከተጀመረ ወዲህ፣ ሜዳው ዐይን እስኪደክም ድረስ ማሽላና ሰሊጥ ሆኗል። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፣ ይጨቀያል፣ ውሃም ይቋጥራል፤ በበጋ ደግሞ ጥልቅ ስንጥቅ ያወጣል። ዝናሙ በዓመት 600 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ዝንጅብል ግን ከመትከያው እስከ መንቀያው 8 ወይም 9 ወር ይፈልጋል፤ 1500 ሚሊሜትር የሚያህል ዝናም ወይም ይህን የሚተካ የመስኖ ውሃ ይሻል፤ ውሃ በተኛበት መሬት ይበሰብሳል፤ አፈሩ ሲሰነጠቅም ሥሩ ይቈረጣል። እንግዲህ ዋልካው በክረምት ያበሰብሰዋል፣ በበጋ ያደርቀዋል። ይህንም የምጽፈው በመተማና በገዳሪፍ ዙሪያ ዝንጅብልን በሰፊው እንትከል የሚል ምኞት ያላቸው ሰዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያስቡበት ነው። በማንጎ ጥላ ሥር፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ በጋውን ሙሉ የማይቋረጥ ውሃ ያለው ሰው ለቤቱ የሚሆን ጥቂት ቢተክል አልከለክልም። ለንግድ ግን ምድሩ አልተፈጠረለትም፤ ሰሊጡን ቢያሻሽል ይበልጥ ይጠቀማል።

ለቤቱ የሚተክለውም ቢሆን አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ዝንጅብል እንደ ማሽላ ፍሬ የሚዘራ አይደለም፤ ከራሱ ከሥሩ ተቈርጦ ዐይን ያለው ቁራጭ ይተከላል። ስለዚህ የሚበላውና ዘር የሚሆነው አንድ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሰው ለወጥ ከገዛው ላይ አንዱን ቁራጭ አንሥቶ በጓሮው ይቀብረዋል። ነገሩ ምንም ጉዳት የሌለው ይመስላል። ዳሩ ግን በኢትዮጵያ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ የዝንጅብልን እርሻ ያፈረሰው ይህን የመሰለ የማይመረመር ቁራጭ ነው።

እስከ 2012 ድረስ በወላይታና በከምባታ ጠምባሮ አካባቢ ዝንጅብል የብዙ ገበሬ የገንዘብ ምንጭ ነበር። በቈሎና ጎደሬ ቤቱን ይመግባሉ፤ ግብሩን፣ የልጁን ደብተርና የቤቱን ቆርቆሮ የሚከፍለው ግን ዝንጅብል ነበር። ከቴፒ የምርምር ማዕከልም በ2007 ያሊና ቦዚያብ የተባሉ የተመረጡ ዓይነቶች ወጥተው ነበር። በዚያ መካከል ራልስቶኒያ ሶላናሲያሩም የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው አጠውልግ በሽታ ገባ። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ይቢጫል፤ ይጠቀለላል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግንዱ በእጅ ሲስቡት ይነቀላል፤ ሥሩ ለስልሶ ውሃ ያዥና መጥፎ ሽታ ያለው ይሆናል። በሽታው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የተላለፈው በአብዛኛው በዘር ቁራጭ ነው። ገበሬው ከጐረቤቱ ወይም ከገበያ የገዛው ቁራጭ ላዩ ጤነኛ ይመስላል፤ በሽታውን ግን በውስጡ ይዟል። ጐርፍ ከማሳ ወደ ማሳ ያወርደዋል፤ ዶማና ጫማም ያጓጕዙታል። ብዙዎች ሰብላቸውን በሙሉ አጥተው ዝንጅብል መትከሉን ተዉ፤ ባክቴሪያው በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቈይም፣ በሚቀጥለው ዓመት ልድገመው ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ከሰረ።

ለዚህ በሽታ ገበሬ በቀላሉ ገዝቶ የሚረጨው መድኃኒት የለም። መከላከያው ጥንቃቄ ብቻ ነው፤ ጥንቃቄውም ከባድ አይደለም። የተጠረጠረውን ግንድ ወይም ሥር በንጹሕ ቢላዋ ቈርጦ፣ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ሳያነቃንቁ አንጠልጥሎ መያዝ ነው። ከተቈረጠው ፊት እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር እየተንጠባጠበ ከወረደ በሽታው አለ ማለት ነው። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ አንድ ብርጭቆና የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ይበቃል። የታመመው ማሳ ለብዙ ዓመት ዝንጅብል ሳይተከልበት በቈሎ ወይም ሌላ የአገዳ እህል ይዘራበታል፤ ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ግን የዚህ ባክቴሪያ ዘመዶች የሚያጠቋቸው ስለ ሆኑ በዚያ ቦታ ባይከተሉ ይሻላል። ንጹሑን ዘር ከምርምር ማዕከሎች፣ በተለይም በቤተ ሙከራ ከበሽታ ነጻ ሆኖ ከተባዛው መፈለግ ይገባል። ዘሩ በአንድ ጊዜ ለሁሉ አይዳረስም፤ ጥቂት የተማመኑ ገበሬዎች ተቀብለው እያባዙ ለጐረቤት ቢሸጡት ግን በጥቂት ዓመታት ይስፋፋል።

የንግዱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እርጥብ ዝንጅብል ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ለማግኘት አምስት ኪሎ ገደማ እርጥብ ያስፈልጋል። ከደቡብ እስከ መተማ ድረስ ውሃ በመኪና መጫን ሞኝነት መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ለሩቅ ገበያ የሚሄደው ዝንጅብል የደረቀው ነው። ነገር ግን አደራረቃችን የሚያኮራ አይደለም። በመንገድ ዳር በባዶ መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ ዶሮ ተመላልሶበት፣ አቧራ ለብሶ፣ ማታ ጤዛ መትቶት የደረቀ ዝንጅብል ላዩ ይጠቍራል፣ ውስጡም ይሻግታል። ሻጋታው ጣዕም ከማበላሸቱ በላይ ጉበትን የሚጐዳ መርዝ ሊያፈራ ይችላል። በህንድ አገር በማላባር በኩል ያሉ አዘጋጆች ብረት ሥሩን እንዳያጠቍረው ቅርፊቱን በተሾለ የቀርከሃ ስንጥር ይፍቃሉ። ህንድ በዓለም ብዙ ዝንጅብል ከሚያመርቱት አገሮች የመጀመሪያዋ የሆነችው በመሬት ስፋት ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለውም ትጋት ይመስለኛል። እኛ ቀርከሃ አላጣንም። ሥሩን አጥቦ፣ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ ቈጥ ወይም በንጹሕ ሰሌን ላይ አስጥቶ፣ ሲመሽ መሸፈን፣ ሲሰበርም ቀጭ እስኪል ድረስ ማድረቅ፣ ይኸው ነው። ለገዢውም አንድ ቃል፤ ተወቅጦ የተዘጋጀውን ከመግዛት ሙሉውን ገዝቶ በቤት መውቀጥ ይሻላል። ሙሉው ሲሰበር ነቀዝ የበላው ቀዳዳ ይታያል፤ በዱቄት ውስጥ ግን ነቀዙም፣ አፈሩም፣ የማሽላ ዱቄቱም ሊደበቅ ይችላል።

ነጋዴው ንጹሑንና ቈሻሻውን በአንድ ዋጋ እስከ ገዛ ድረስ ገበሬው የሚታጠብበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ በዚህ በኩል ያለው ተግሣጽ ለገበሬው ብቻ መሰጠቱ ፍትሕ አይደለም።

አሁን ወደ መድኃኒትነቱ እንመለስ። እናቶቻችን በጓዳ ዝንጅብልን ሲያኖሩ ለወጥ ብቻ ብለው አይደለም። በርበሬ ሲደለዝ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳምና ከበሶብላ ጋር ይገባል፤ ቅቤ ሲነጠር ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር ይታከላል፤ አልጫውንም ያጣፍጣል። ሆድ ሲቈርጥ ይታኘካል፤ ጉንፋን ሲይዝ ከማር ጋር ይፈላል። ይህ የልማድ ዕውቀት ሁሉ ከንቱ ነው የሚሉ አንዳንድ የተማሩ ወጣቶች አሉ፤ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። በዝንጅብል ውስጥ የሚያቃጥለው ነገር ጂንጀሮል ይባላል፤ ሲደርቅ ከፊሉ ሾጋኦል ወደሚባለው ይለወጣል፤ ይህም ይበልጥ ስለሚያቃጥል ነው ደረቁ ዝንጅብል ከእርጥቡ የሚበረታው። በ1982 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በጉዞ ላይ ለሚደርስ ማቅለሽለሽ ዝንጅብል ይረዳል የሚል ጥናት ከወጣ ወዲህ፣ ሐኪሞች ጉዳዩን ደጋግመው መርምረውታል። በእርግዝና መጀመሪያ ለሚሰማ ማቅለሽለሽም እንደሚጠቅም የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። በመኪና ተጭኖ ከደጋ ወደ ቈላ ጠመዝማዛውን መንገድ ለሚወርድ ሰው አንድ ቁራጭ ዝንጅብል በኪሱ መያዙ መልካም ምክር ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ዝንጅብልን ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የዝንጅብል ወሰን የሚጀምረው ከትኵሳት ነው።

በየዓመቱ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ሑመራና ድንበር ተሻግረውም ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ይወርዳሉ። የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ትንኝ በሚበዛበት ወራት ነው። የደጋ ሰው ወባን ስለማያውቃት ሰውነቱም አልለመዳትም። ትኵሳት ሲይዘው የሚያደርገው ቤት የተማረውን ነው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቶ ይጠጣል፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል፣ ያልበዋል፣ ትኵሳቱም ይበርድለታል። ‹‹ወጣልኝ›› ይላል። በማግሥቱ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ለባልንጀራውም ያንኑ ያዝዛል።

በእውነቱ ትኵሳቱን ያበረደው ማን ነው? የወባ ትኵሳት በጠባዩ ይነሣል፣ ይበርዳል፤ በአንዳንዱ ዓይነት በየሁለት ቀኑ እየተመላለሰ ይመጣል። ዝንጅብሉን ቢጠጣም ባይጠጣም በዚያች ሌሊት ሊበርድ ይችል ነበር። ሰው ግን የመጨረሻ የጠጣውን ያመሰግናል። ዝንጅብል ያላገኘው ምስጋና የለም፤ ብዙውንም ያገኘው ትኵሳት በራሱ ጊዜ ስለ በረደ ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አንጎል ወጥቶ ሊገድል ስለሚችል፣ ‹‹ወጣልኝ›› በተባለበት ቀንና በሚቀጥለው ትኵሳት መካከል ያለው ጊዜ የሕክምና ጊዜ ነበር፤ ያ ጊዜ በጀበና አጠገብ አለፈ ማለት ነው።

ከወባ ይልቅ ተደብቆ የሚመጣው ካላዛር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ ነፍሳት ናት። የምትኖረውም በዚያው በጥቁሩ ዋልካ ስንጥቅ ውስጥ፣ ሱዳኖች ጣልህና ሂጅሊጅ በሚሏቸው ዛፎች መካከል ነው። ዝንጅብልን የማይቀበለው አፈር እርሷን አሳምሮ ይቀበላታል። ሠራተኛው ደክሞት ከዛፍ ሥር በተሰነጠቀ መሬት ላይ በሌሊት ሲተኛ ትነድፈዋለች። በሽታው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይጀምራል፤ ትኵሳቱ እየበረደ ይመለሳል፣ ሰውየው ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ በግራ ጐኑ ያለው ጣፊያ አብጦ በእጅ ይዳሰሳል። ካልታከመ የያዘውን ሰው ከሞላ ጐደል ሁልጊዜ ይገድላል። ትኵሳቱ ስለሚመላለስም ከወባ ጋር ይምታታል፤ ሰውየውም በየጊዜው ዝንጅብሉን እያፈላ፣ በየጊዜው እየዳነ፣ በየጊዜው እየታመመ ይከርማል።

ይህ በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳት አይደለም። ደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከደንበሩ በራቀ በደጋ ስፍራ፣ ከ2003 ጀምሮ ብዙ ሰዎች በትኵሳት ሞቱ፤ በመጀመሪያም መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። በ2005 ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበርም በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ከፈተ። በሽታውን ከቈላ ይዘውት የወጡት ከሑመራና ከመተማ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች እንደ ሆኑ ይታመናል። የሰሊጥ ዋጋ ለመቀበል የወረደው ልጅ ለቀበሌው የማይታይ ዕዳ ይዞ ወጣ።

ሐኪሞች የዕፀዋትን መድኃኒት ይንቃሉ የሚል ሰው ቢኖር ወባን ራሷን ይመልከት። ዛሬ ወባ የሚታከምበት አርቴሚሲኒን ከቅጠል የወጣ ነው። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ የአገሯን የጥንት የመድኃኒት መጻሕፍት መርምራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አገኘችው፤ ስለዚሁም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ከእርሱ በፊት የነበረው ኪኒንም የዛፍ ቅርፊት ነበር። ልዩነቱ ያ ቅጠልና ያ ቅርፊት ለወባ መርመራቸው ታይቶ መዳናቸው መረጋገጡ ነው፤ ዝንጅብልም ተመርምሮ ለማቅለሽለሽ እንደሚረዳ ታይቷል፤ ለወባና ለካላዛር ግን ፈውስ ሆኖ አልተገኘም። ለአንድ በሬ የሁለት በሬ ቀንበር መጫን በሬውን ማክበር አይደለም።

ካላዛር ዛሬ ይድናል። ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ይመረመራል፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ያጸደቀው የሁለት መድኃኒት መርፌ በ17 ቀን የሚፈጸም ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ፤ በአብደራፊና በገዳሪፍ ግዛት በተባረክ አላህ ሆስፒታል ደግሞ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት በሽተኞችን ሲያክሙ ኖረዋል። ስለዚህ ሞቱ የሚመጣው መድኃኒት ከመጥፋቱ ሳይሆን ሰውየው ዘግይቶ ከመድረሱ ነው።

የሚዘገየውም በስንፍና ብቻ አይደለም። የቀን ሠራተኛው ሥራ ከቀረ ደመወዝ ይቀርበታል፤ ጤና ጣቢያው ከእርሻው ይርቃል፤ የሚያደርሰው መኪና የባለ እርሻው ነው። በእኔ አስተያየት ለአጨዳ ሠራተኛ የሚጭን ባለ እርሻ ከስንቁና ከማጭዱ ጋር በመድኃኒት የተነከረ አጐበር እንዲጭን፣ የታመመውንም በራሱ መኪና እንዲያደርስ በውሉ ሊጻፍበት ይገባል። በሬ ሲታመምበት የእንስሳት ሐኪም ይጠራል፤ ትራክተሩ ሲቆም ከከተማ መካኒክ ያስመጣል። ለሰውም ይህን ያህል ማድረግ ወጪው ከአንድ ጆንያ ሰሊጥ ብዙ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ከባለ እርሻውም፣ ከጤና ሠራተኛውም በፊት የታመመውን ልጅ የሚያየው ሌላ ሰው አለ። በመተማ ዮሐንስም ሆነ በዶካ፣ ከሥራ የተመለሰው ሠራተኛ ማታ የሚቀመጠው ከቡና ሻጯ በርጩማ ላይ ነው። ‹‹እኅቴ፣ ዛሬ ዝንጅብሉን አብዢልኝ፤ አተኵሶኛል›› ሲል የምትሰማው እርሷ ናት። የጤና ጽሕፈት ቤቶቹ ለአጨዳ ወራት የሚያዘጋጁትን ትምህርት ከእነዚህ ሴቶች ቢጀምሩ፣ በግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ወረቀት ይልቅ ፈጥኖ ይዳረሳል። የሚነገራቸውም ብዙ አይደለም። ዝንጅብሉን ታብዛለት፤ የጠየቀውን መንፈግ አያስፈልግም። ፊንጃኑን እየሰጠችው ግን ‹‹ስንት ቀን ሆነህ፣ ወንድሜ?›› ብላ ትጠይቀው። ትናንት ወይም ዛሬ ከሆነ በማግሥቱ ማለዳ ለወባ ይመርመር፤ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ከወባው ሌላ የካላዛርም ምርመራ እንዲደረግለት በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ፤ ‹‹ካላዛር›› የሚለው ቃል በዐረብኛም በአማርኛም አንድ ነው፤ በየትኛውም ወገን ያለ ሐኪም ይሰማዋል።